የተሾመች ዋንዛ

ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ቆላው መጠማዘዝ ሲጀምር፣ በግራ በኩል አንድ ኮረብታ አለ። ዛሬ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ደን ያያል፤ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ስሙ ግን እስካሁን «ራሰ በራው» ነው። አንዴ የወጣ ስም አልመለስ ብሎ፣ ኮረብታው ፀጉር አብቅሎም ራሰ በራ ይባላል። እንግዳ ሰው «ታዲያ ራሰ በራው የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሰፈሩ ሰው ይስቃል። ተሾመች ግን አትስቅም። ራሰ በራ ያደረገው አባቷ ነዋ።

ተሾመች ወደዚህ አገር የመጣችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። በሰፈራው ዘመን ከከንባታ በጭነት መኪና ተጭነው ከመጡት ቤተሰቦች አንዱ የኤርሳዶ ቤተሰብ ነበር። ኤርሳዶ ጎበዝ ገበሬ ነው፤ እንሰት ይተክላል፣ መሬት ይቆፍራል፣ ልጆቹ ጦም እንዳያድሩ ሲል አጥንቱ እስኪሰበር ይሠራል። ደን ግን አያውቅም። ደን ባለበት አገር አላደገም፤ ዛፍ ሲያይ የሚታየው በዛፍ የተያዘ መሬት ነው። «ይኸው መሬት፣ አቅንታችሁ ብሉ» ሲባል መጥረቢያውን ስሎ ወጣና ኮረብታውን ከእግሩ ጀምሮ መላጨት ያዘ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ታዲያ እነዚያ ዛፎች ባለቤት አልባ አልነበሩም። የቤንች ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቀፎ ሲሰቅሉባቸው የኖሩ ናቸው። ላላወቀው ጫካ ይምሰል እንጂ እያንዳንዱ ዛፍ የእገሌ ነው፤ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ ከሥሩ የበቀለውም የባለዛፉ ነው። ይህን ለኤርሳዶ የነገረው የለም። ቢነግሩትስ በምን ቋንቋ? እሱ ከንባትኛ፣ እነሱ ቤንችኛ፤ አማርኛው ያኔ ለሁለቱም ባዕድ ነው። እነሱ ሲተያዩ ዛፉ ወደቀ።

በቆሎው ለጥቂት ዓመት እሰይ የሚያሰኝ ሆነ። ከዚያ መሬቱም ደከመ፣ ኤርሳዶም ደክሞ ሞተ። አንድ ክረምት ደግሞ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተና ኮረብታው ተንዶ ወረደ። ተመስገን ነው፣ ሰው አልሞተም። ግን የታችኛው ሰፈር ቡና ከነግንዱ ተቀበረ፤ ሴቶቹ የሚቀዱበትን ምንጭም ጭቃ ዋጠው። ተሾመች ያኔ ባለትዳር ናት፤ ባሏ አልአዛር በሳንባ በሽታ አልጋ ይዟል። ወንዝ ድረስ ወርዶ መቅዳት፣ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት፣ ከዚያ በሽተኛ ማጠብ። «ይህን ሁሉ ያመጣው አባቴ ነው» ትላለች ለራሷ። ለሰው አትናገረውም። መናገርም አያስፈልጋት፣ ሰው ይልላታል። ወንዝ ዳር አንዷ «የሰፈራ ልጆች ናቸው ለዚህ ያበቁን» ካለች፣ ሌሎቹ ተሾመችን በጎን ያይዋታል። እዚሁ አፏን ፈትታ፣ እዚሁ አባቷን ቀብራ፣ እዚሁ ልጅ ወልዳ፣ እሷ ዛሬም የሰፈራ ልጅ ናት።

ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ «ኮረብታው ይከለል፣ ከብት አይግባበት፣ ዛፍ እንትከል» ያለ ጊዜ ብዙው ሰው በአፉ እሺ አለ። ተሾመች በእጇ እሺ አለች። የዋንዛ፣ የብሳና፣ የቢርቢራ ፍሬ ከየመንገዱ እየለቀመች ጓሮዋ ውስጥ ችግኝ አፈላች። ጎረቤቷ ውድነሽ ምላሷ አያርፍም፤ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽን ጥለሽ ቡቃያ ታስታምሚያለሽ?» አለቻት።

«ሁለቱንም ነው የማስታምመው» አለች ተሾመች፤ «አንዳቸው እንኳ ይድንልኝ ይሆናል።»

አልአዛር አልዳነም። ከተቀበረ በኋላ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ተሾመች አንዲት የዋንዛ ችግኝ ይዛ ወጣችና ከተደፈነው ምንጭ አፋፍ ላይ ተከለቻት። ሰው ፊት ማልቀስ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ሲያልፍ «በቃሽ፣ እግዜርን አታማሪ» ይላሉ። ስለዚህ ተሾመች የምታለቅሰው እዚያ ነበር፣ አበደች እንዳይሏት አረም የምትነቅል እየመሰለች። ዋንዛዋ በእንባ አደገች ማለት ግን ማጋነን ነው። ያደገችው በፍግና በውሃ ነው። ተሾመች ወደ ታች የወረዱትን ቅርንጫፎቿን እየመለመለች፣ ፍየል የነከሰውን ቅርፊት በጭቃ እየመረገች፣ እንደ ልጅ አሳደገቻት።

ዓመት ዓመትን እየወለደ ኮረብታው ለበሰ። ምንጩ መጀመሪያ እርጥበት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። ቡናው ጥላ አገኘ። ከጥላው ሥር ሴቶቹ ኮረሪማ ተከሉ፤ ጥምዝ የሚሉት ቅመምም ግንዱን ተጠምጥሞ ወጣ። ውድነሽ በኮረሪማዋ የሣር ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰችው፤ «ዝናብ ሲመታው ኮረሪማ፣ ኮረሪማ ይለኛል» እያለች ሰፈሩን አሰለቸች። ተሾመችም በዋንዛዋ ሥር ያለው ኮረሪማ ደህና ያዘላት። ልጇ ማራናታ ሚዛን ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው በዚያ ነው። ሌላ ገቢ የላትም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ዛፎቹ ለቀፎ ሲደርሱ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው ቀፎ ተሸክሞ ሊሮጥ ሲል፣ ጠብ እንዳይነሣ ኮረብታውን የሚጠብቀው ማኅበር ሊቀመንበር ይርዳው ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ይርዳው ባለሱቅ ነው፤ አባቱ ከጎንደር የመጡ፤ ሰላም ከመጣ ሱቁን ጭምር የሚሰጥ ሰው። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ፈረዱ። የጥንቱ ወግ ይመለስ። በዚያ ዘመን የአባታቸው ዛፍ የተቆረጠባቸው፣ የአባታቸው ዛፍ በነበረበት ቦታ ላይ ቀድመው ይስቀሉ። ሌላው ወንድ ከእነሱ በኋላ ይስቀል። ከዛፉ ሥር ያለውም እንደ ድሮው የባለዛፉ ይሁን።

ፍርዱ ትክክል ነበር፣ ማን ይዋሻል? ሕዝቡም አጨበጨበ። ከዚያ ቦታ ቦታው ሲጠራ «የምንጩ አፋፍ የጋሽ ጥበቡ አባት ነበር» ተባለ። የምንጩ አፋፍ ላይ ያለችው አንዲት ዋንዛ ናት።

ተሾመች ብድግ አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ምን ልትል ነው? አባቴ የቆረጠውን እኔ ተክቻለሁና መልሱልኝ ልትል? ከፊቷ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እኮ አባቷ ዛፋቸውን የጣለባቸው ናቸው። ደግሞም ሴት ቀፎ አትሰቅልም፤ ቀፎ ሲሰቀል አጠገቡም አትደርስም፤ ስለዚህ ከሌላው ጋር ተራ ልትይዝ አትችልም።  ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ጋሽ ጥበቡ ከተሾመች ቤት ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። በጉብዝናቸው የእሳቸውን ያህል ንብ የሚያውቅ አልነበረም ይባላል። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ከአልጋ ወርደው በር ለመድረስም በትር ይፈልጋሉ። ከተሾመች ጋር ያላቸው ነገር ሰላምታ ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነሽ?» ይላሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ያልፋሉ። ስንት ዓመት እንዲሁ።

ስብሰባው ሲበተን ተሾመች ቤቷ ገባች። ውድነሽ ተከትላት ገባች።

«ሂጂና ለምኛቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮረሪማውን እንኳ ይተዉልሽ ይሆናል።»

«እንደ ልጅ ባሳደግኳት ዛፌ ልለምን?»

«ታዲያ ማራናታን በምን ልታስተምሪ ነው? በኩራት?»

ተሾመች በማግሥቱ በጠዋት መኮትኮቻ ይዛ ወጣች፤ ኮረሪማዬን ነቅዬ ጓሮዬ አዛውራለሁ ብላ። ዋንዛዋ ሥር ደረሰች። ጎንበስ አለች። ኮረሪማው ጥላ ለምዷል፤ ጓሮዋ ደግሞ ፀሐይ ነው፤ ነቅላ ብትወስደው ሳምንት አይቆይም። ይህን እያወቀች ነው የመጣችው። መኮትኮቻውን ጥላ ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች። አሁንስ አረም የምትነቅል ለመምሰል እንኳ አልሞከረችም።

ቀፎ የሚሰቀልበት ቀን ሲቃረብ ጋሽ ጥበቡ ወንዙን ተሻግረው መጡ። የወንዙን ድልድይ በዚያ ጉልበት እንዴት እንደተሻገሩት እግዜር ይወቅ። ከደጇ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ተሾመች በርጩማ አወጣችላቸው፤ ተናዳለች፣ ግን ሽማግሌ ደጅ አይቆምም።

«ቀፎዬን ስቀይልኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

የሰማችው አልመሰላትም። «ምን አሉኝ?»

«ጉልበት የለኝም፤ ታያለሽ። ልጅም የለኝም። ዋንዛዋ ላይ ውጪና ስቀይልኝ።»

«ጋሽ ጥበቡ፣ እኔ ሴት ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ጎረምሳ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ጎረምሳ የማይረገጠውን ቅርንጫፍ ረግጦ ይሰብራል። የዚያችን ዛፍ ቅርንጫፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ተሾመች በሆዷ ታሰላስል ጀመር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው። ዛፌን ወሰዱ፣ ኮረሪማዬን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ በገዛ ዛፌ ላይ ወጥተሽ አገልግይኝ ይሉኛል። አፏ ላይ የመጣውን ብትናገረው ኖሮ ሽማግሌው በመጡበት ይመለሱ ነበር። ግን ሲቀመጡ ጉልበታቸው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አየች። አልአዛርም በመጨረሻው ዘመን እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው፣ በርጩማውን በእጁ እየፈለገ።

«እሺ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ቀኑ ደረሰ። ኮረብታው ሥር ወንዱ ሁሉ ቀፎውን ይዞ ተሰብስቧል። ሴቶቹ ራቅ ብለው፣ እንዳልመጣ ሰው ሆነው ያያሉ። ተሾመች የሟች ባሏን ሱሪ በቀሚሷ ሥር ታጥቃ ስትመጣ ውድነሽ «አልአዛር ቢያይሽ በደስታ ይነሣ ነበር» አለቻት። በዚያ ሁሉ ንዴት መሐል ተሾመች ሳቋ አመለጣት።

«ሴት ናት የምትወጣው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉ ጋሽ ጥበቡ።

ይርዳው አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ጋሽ ጥበቡን አየ። «እንግዲህ ባለዛፉ ካሉ…» ብሎ ነገሩን ተወው።

ተሾመች ወጣች። ዐርባውን ያለፈች ሴት ዛፍ ላይ ስትወጣ ቆንጆ ነገር አይደለም፤ ታቃስታለች፣ ቀሚሷ ይያዛል፣ ከታች አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ግን እግሯ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ይህችኛዋ ቅርንጫፍ ጠንካራ ናት፤ ያችኛዋ ገና ልጅ እያለች ነፋስ ነክቷታል፣ አትረገጥም። ግንዱ ሁለት የሚሆንበት ባላ ላይ ተቀመጠችና ገመዱን ወደ ታች ለቀቀችው። ጋሽ ጥበቡ በሰም የታሸውንና በጢስ የታጠነውን ቀፏቸውን በገመዱ አሰሩ። ቋጠሮውን ጎትተው ፈተሹት። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና ሁለት እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ከተቱ።

ተሾመች ሳበች። ቀፎው ከበደ፤ እየተሽከረከረ ግንዱን ይመታል።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ገመዱን ከሥር ያዙልኝ እንጂ» አለች።

«እጄን አሞኛል።»

ንዴቷ እንደገና ግንፍል አለ። ይህንንም? መዳፏ እየተላጠ፣ ስድብ ልትጀምር እየዳዳት፣ ብቻዋን ስባ ስባ አወጣችው። ባላው ላይ አስተኛችው፤ በሐረግ ጠፍራ አሰረችው። ሥራዋን ስትጨርስ ነው ወደ ታች ያየችው።  ሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚያዩት እሷን ሳይሆን የጋሽ ጥበቡን ጋቢ ነው።

ተሾመች ሴት ስለሆነች ወጉን አታውቅም። ቀፎ ሲሰቀል ቀርባ አይታ አታውቅማ። በአገሩ ወግ ለደካማ ሰው ሌላው ቢሰቅልለት፣ ባለቀፎው ከታች ሆኖ ገመዱን ይይዛል፤ ሲሳብ አብሮ ይስባል። በአንድ እጁም ቢሆን፣ በጣቱም ቢሆን ይይዛል። ገመዱን ያልነካ ሰው ቀፎውን ከነዛፉ ሰጥቷል ማለት ነው። ዛፉም የሰቀለው ሰው ንብረት ይሆናል፤ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም።

«ጥበቡ» አለ ያው ሽማግሌ በቀስታ፣ «እጅህን እውነት አሞህ ነው?»

ጋሽ ጥበቡ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡና ዘርግተው አሳዩ። ምንም አልሆነም።

«ሴት ናት እኮ» አለ ሌላው።

«ንብ ገብታ ስትቀመጥ ማን ሰቀለው ብላ አትጠይቅም» አሉ ጋሽ ጥበቡ። «ወጉ የሚጠይቀውን ጠይቁና ጨርሱ።»

ወጉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሽማግሌው ተነሣ፤ ወደ ላይ አንጋጦ፣ ኮረብታው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህን ቀፎ የሰቀለው ማነው? የማን ልጅ ነው?» አለ።

ዛፏ ለእሷ እየተሰጠ መሆኑ አሁን ገባት። ገብቷትም ከላይ ግንዱን አቅፋ ቀረች። የራሷን ስም መጥራት ቀላል ነው። ቀጥሎ ግን የአባቷን ስም መጥራት አለባት፣ እዚህ ኮረብታ ላይ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት።  ሽማግሌው ደግሞ ጠየቀ። አሁንም ዝም አለች። ዝም ካለች ደግሞ ዛፉ የማንም አይሆንም።

ጋሽ ጥበቡ በትራቸውን ተደግፈው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

«ተሾመች ናት» አሉ። «የኤርሳዶ ልጅ።»

ስሙን የጠሩት ረጋ ብለው፣ እንደ ጎረቤት ስም ነው። ማንም አልተቃወመም። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና «ዛፉ የተሾመች ኤርሳዶ ነው» አለ፤ ሌሎቹም ተቀብለው ደገሙት። ይርዳው ብቻ ቀድሞ ማጨብጨብ ጀምሮ ወጉ እንዳልሆነ ሲያይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሴቶቹ ካሉበት ውድነሽ እልል አለች፤ እሷን ማን ወግ ያስተምራታል።

ተሾመች እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ሌላው ወደየዛፉ ሲበተን እሷና ጋሽ ጥበቡ ቁልቁለቱን አብረው ያዙ፤ ክንዳቸውን በክንዷ ይዛለች። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ዐረፍ አሉ። አመሰግናለሁ ማለት ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ሌላ ነው።

«የአባትዎን ዛፍ የጣለው እኮ አባቴ ነው።»

«እኔ ነኝ ለአንቺ የምነግርሽ እንጂ አንቺ ለእኔ አይደለሽም» አሉ። «አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጦር ይዤ ነበር የመጣሁት፣ ልወጋው።»

ተሾመች ክንዳቸውን ለቀቀች።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆርጣል። ጀርባው ላይ አንቺ ታዝለሻል። ርቦሽ ነው መሰለኝ፣ መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ታለቅሻለሽ፤ እሱም ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይቆርጣል። ቋንቋውን ባላውቅም ምን እንደሚልሽ ገባኝ። አይዞሽ፣ አሁን ትበያለሽ ነው የሚልሽ። ጦሬን ይዤ ተመለስኩ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አልነገሩኝም።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሳይሽ ደህና ነሽ ወይ እልሽ የለም?»

ተሾመች መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በተላጠ መዳፏ ሸፍና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ ሰው ያየኛል አላለችም። ጋሽ ጥበቡ በትራቸውን እየተመረኮዙ ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። እስክትጨርስ ጠበቋት። አልጨርስ ስትላቸው እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉና፣ «አይዞሽ» አሉ፤ «ያኔም እንዲህ ነበር የምታለቅሺው።»